ለ12ኛ ክፍል ፈተና ፊዚክስን ከየት እንጀምር? ጅማ ላሉ ተፈታኞች የተጻፈ መመሪያ

አብዛኛው ተማሪ የፊዚክስ ጥናት የሚጀምረው ፎርሙላ በመገልበጥ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን አንድ ደብተር ላይ ይሰበስባል፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ያሳምረዋል፣ ከዚያ ይሸመድዳል። ወረቀቱ ፊቱ ሲቀርብ ፎርሙላው ጭንቅላቱ ውስጥ አለ፤ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደሚገባ ግን አያውቅም። ጅማ ውስጥ ከማስጠናቸው ልጆች መካከል ጎበዝ ሸምዳጅ የሆኑት ናቸው በዚህ በኩል ብዙ የሚቸገሩት። ስለዚህ እዚህ የማሳያችሁ ቅደም ተከተል የተለመደውን ይገለብጠዋል፦ ዩኒት፣ ሥዕል፣ ዝምድና፣ ፎርሙላ መጨረሻ።

በ2014 ዓ.ም. ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ያስፈራል። እኔ የማነሳው ግን በሌላ ምክንያት ነው፦ ፊዚክስ ላይ ጥቂት ጥያቄ ማሻሻል እንኳ ከመስመሩ በታች ያለን ተማሪ ወደ ላይ ሊያሻግረው ይችላል፣ ብዙ ሰው ደግሞ ፊዚክስን ገና ሳይነካው ትቶታል።

ደረጃ 1፦ ዩኒት

ሰባቱ መሠረታዊ ዩኒቶች ሜትር፣ ኪሎግራም፣ ሰከንድ፣ አምፒር፣ ኬልቪን፣ ሞልና ካንዴላ ናቸው። የቀረው ሁሉ ከእነዚህ የተሠራ ነው። ኒውተን ማለት ኪሎግራም በሜትር ተባዝቶ ለሰከንድ ስኩዌር ሲካፈል ነው። ጁል ኒውተን ሲባዛ በሜትር ነው፤ ዋት ጁል ሲካፈል ለሰከንድ፤ ፓስካል ኒውተን ሲካፈል ለሜትር ስኩዌር። አራቱንም ወደ ኪሎግራም፣ ሜትርና ሰከንድ እስኪመለሱ ድረስ በገዛ እጃችሁ በትኗቸው። አንድ ምሽት ይበቃል።

ጥቅሙን በአንድ ጥያቄ እንየው። ፔንዱለም አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ ፈልጉ ተባላችሁ እንበል። አራት ምርጫ አለ (ጂ ማለት የመሬት ስበት አክስለሬሽን ነው)፦

ሀ) 2 ፓይ × √(ርዝመት ÷ ጂ)
ለ) 2 ፓይ × √(ጂ ÷ ርዝመት)
ሐ) 2 ፓይ × (ርዝመት ÷ ጂ)
መ) 2 ፓይ × √(ርዝመት × ጂ)

ፎርሙላው ጠፍቶባችኋል። ምንም አይደለም። ርዝመት በሜትር ነው፣ ጂ በሜትር ለሰከንድ ስኩዌር። ርዝመት ለጂ ሲካፈል ሜትሩ ተጣፍቶ ሰከንድ ስኩዌር ይቀራል፤ ሩት ሲወጣለት ሰከንድ። የተጠየቀው ጊዜ ነውና ሀ ያስኬዳል። ለ የሚሰጠው «አንድ ለሰከንድ» ነው፣ ሐ ሰከንድ ስኩዌር፣ መ ደግሞ ሜትር ለሰከንድ፣ ማለትም ፍጥነት። ሦስቱም ሳይሰሉ ወደቁ።

ይህ ዘዴ ሁለት ነገር አያደርግላችሁም። 2 ፓይ ይሁን 4 ፓይ አይነግራችሁም። ቶርክና ኢነርጂንም አይለይላችሁም፣ ሁለቱም ኒውተን ሲባዛ በሜትር ናቸውና።

ልወጣው ላይ ነጥብ የሚፈስባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። ኪሎ ሜትር በሰዓትን ወደ ሜትር በሰከንድ ለመለወጥ ለ3.6 ማካፈል ነው፤ 36 የነበረው 10 ይሆናል፣ 72 የነበረው 20። ሌላው ስፋትና ይዘት ነው፦ አንድ ሜትር ስኩዌር ውስጥ 10,000 ሴንቲ ሜትር ስኩዌር አለ፣ አንድ ሜትር ኪዩብ ውስጥ ደግሞ 1,000,000 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ። «100 ነው» ብሎ የሚቸኩል ሰው የተሳሳተውን መልስ ከምርጫዎቹ መካከል ተዘጋጅቶ ሲጠብቀው ያገኘዋል።

ደረጃ 2፦ ሥዕል

የሜካኒክስ ጥያቄ ሥዕል ሳይሣል አይነካም። ጥበብ አይጠይቅም፤ አንድ ሳጥንና ጥቂት ቀስቶች ይበቃሉ።

ጅማ ውስጥ ለዚህ ከቡና መጋዘን የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። 60 ኪሎ የሚመዝን የቡና ጆንያ አስቡ። ጂን 10 ብለን እንያዝ፣ ክብደቱ 600 ኒውተን ነው። (ገበያ ላይ «ክብደቱ 60 ኪሎ» እንላለን፤ ፈተና ላይ 60ው ማስ ነው፣ ክብደቱ 600።) ሁለት ጫኞች ጆንያውን 1.2 ሜትር ከፍታ ወዳለው የአይሱዙ ጭነት ቦታ ማውጣት አለባቸው። አንደኛው ቀጥ አድርጎ ያነሳል፦ 600 ሲባዛ በ1.2፣ 720 ጁል። ሁለተኛው በ30 ዲግሪ ያዘነበለ ሳንቃ አጋድሞ ይገፋል።

አሁን ሣሉ። ጆንያው ላይ ያሉትን ቀስቶች ብቻ፦ ክብደት ወደ ታች፣ ኖርማል ፎርስ ከሳንቃው ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ ግፊት በሳንቃው ላይ ወደ ላይ። ክብደቱን ለሁለት ክፈሉት። በሳንቃው አቅጣጫ የሚጎትተው 600 ሲባዛ በሳይን 30 ነው፣ 300 ኒውተን። ሳንቃውን የሚጫነው 600 ሲባዛ በኮሳይን 30፣ ወደ 520 ኒውተን ገደማ። ፍሪክሽን ከሌለ 300 ኒውተን ይበቃዋል። ሳንቃው ግን 2.4 ሜትር ይረዝማል (1.2 ለሳይን 30 ሲካፈል)፣ ስለዚህ የሠራው 300 ሲባዛ በ2.4፣ ያው 720 ጁል ነው። በጉልበቱ ግማሹን አተረፈ፣ በርቀቱ እጥፉን ከፈለ።

ፍሪክሽን እንጨምርበት። ኮኤፊሸንቱ 0.2 ነው ተባለ። ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ እዚህ ነው፦ 0.2 ሲባዛ በ600፣ 120 ይላል፣ 300 ላይ ደምሮ 420 ያገኛል። እርግጠኛ ሁኑ፣ 420 ከምርጫዎቹ አንዱ ነው። ሥዕሉን የሣለ ሰው ግን ኖርማል ፎርሱ ከ600 ጋር ሳይሆን ከ520 ጋር እንደሚመጣጠን ያያል። 0.2 ሲባዛ በ520፣ ወደ 104። ስለዚህ ጫኛው ጆንያውን በቋሚ ፍጥነት ለማውጣት 404 ኒውተን ያህል ይገፋል፣ ወደ 970 ጁል ያህል ይሠራል፣ ከዚያ ውስጥ ጆንያውን ከፍ ያደረገው 720ው ነው። የሳንቃው ብቃት 74 በመቶ ገደማ ወጣ። ከአንድ ጆንያ ክብደትን፣ ቬክተርን፣ ፍሪክሽንን፣ ሥራንና ብቃትን ጠየቅናችሁ፤ ፈታኞችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ተሸካሚው ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ በሜዳ ላይ 50 ሜትር በቋሚ ፍጥነት ቢሄድስ? ትከሻው ወደ ላይ ይገፋል፣ ጉዞው አግድም ነው፤ ሁለቱ 90 ዲግሪ ስለሚሠሩ ትከሻው ጆንያው ላይ የሠራው ሥራ ዜሮ ነው። ሰውየው በላብ ተጠምቆ ይህን ብትነግሩት ደስ አይለውም። የደከመው ጡንቻው ውስጥ ኢነርጂ ስለሚቃጠል ነው፣ ጆንያው ግን ከዚያ ምንም አልደረሰውም። ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ተደጋግሞ ይመጣል።

ደረጃ 3፦ «ይህ ቢጨምር ያኛው ምን ይሆናል?»

ፎርሙላን እንደ ስልክ ቁጥር አትያዙት። እያንዳንዱን ስታነቡ «ይህን እጥፍ ባደርገው ምን ይከተላል?» በሉ። ብዙ የምርጫ ጥያቄ ከዚህ በላይ አይፈልግም።

ከፈረንጅ አራዳ ወደ ሄርማታ በ36 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ ባጃጅ ፍሬን ያዘ እንበል፣ ፍጥነቱም በየሰከንዱ በ5 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። የሚቆመው የፍጥነቱ ስኩዌር ለሁለት እጥፍ አክስለሬሽን ሲካፈል በሚገኘው ርቀት ነው፦ 100 ለ10፣ 10 ሜትር። ሚኒባስ በዚያው የፍሬን አያያዝ በ72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢመጣ 40 ሜትር ይፈልጋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ። ማስ የት ገባ? የትም አልገባም። ጥያቄው የባጃጁን ማስ ቢሰጣችሁም ሊያሳስታችሁ ነው።

ኤሌክትሪክ ላይ የሚያምታታው ነገር ሌላ ነው። ፓወር ከረንት ስኩዌር ሲባዛ በሬዚስታንስ ነው፤ ቮልቴጅ ስኩዌር ሲካፈል ለሬዚስታንስም ነው። «ታዲያ ሬዚስታንስ ሲጨምር ፓወር ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» ብሎ የማይጠይቀኝ ተማሪ የለም። መልሱ ያልተለወጠው ምንድን ነው የሚለው ላይ ነው። በሲሪስ ሲያያዙ ከረንቱ አንድ ነው፣ በመጀመሪያው ተጠቀሙ፤ በፓራለል ቮልቴጁ አንድ ነው፣ በሁለተኛው ተጠቀሙ። የድሮውን ባለሽቦ አምፖል ውሰዱ፣ አንዱ 60 ዋት፣ አንዱ 100 ዋት፣ ሁለቱም ለ220 ቮልት የተሠሩ። የ60ው ሬዚስታንስ 807 ኦም ገደማ፣ የ100ው 484 ኦም ነው። ቤት ውስጥ በፓራለል ስለሚያያዙ 100ው ይደምቃል። በሲሪስ ካያያዛችኋቸው ግን የሚደምቀው 60ው ነው።

አንድ ልጨምር። 2,200 ዋት የተጻፈበት ምድጃ በ220 ቮልት 10 አምፒር ይስባል፣ ሬዚስታንሱ 22 ኦም ነው። ማታ ማታ መብራት ሲደክም ቮልቴጁ ወደ 110 ወረደ እንበል። ብዙ ሰው ምድጃው በግማሽ ኃይል የሚሠራ ይመስለዋል። ሬዚስታንሱ አልተለወጠም ብለን ከያዝን ሩብ ብቻ ነው የሚቀረው፣ 550 ዋት። ወጡ የሚዘገየው ለዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ ቁጥሩ የሚታመን ነው?

መልስ ካወጣችሁ በኋላ «ይህ ሊሆን ይችላል?» በሉ። የሰው ሩጫ 400 ሜትር በሰከንድ ከወጣላችሁ ከድምፅ ፈጥኗል ማለት ነው፤ ድምፅ በአየር ውስጥ የሚሄደው በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው። ይህን ስሜት ለማዳበር ጅማ ትመቻለች፣ ዝናቡም ነጎድጓዱም አይጠፋምና። መብረቅ ስታዩ ቁጠሩ፦ ድምፁ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ከደረሰ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቋል።

ቡና ስታፈሉ ደግሞ ሙቀትን አጥኑ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ያንሳል፣ ውሃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ ወደ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላ ቶሎ የማይበስለውም ለዚህ ነው፤ ማብሰያው በኃይል ቢንተከተክም ክዳኑ ክፍት እስከሆነ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 94 ዲግሪ ለማድረስ 4,200 ሲባዛ በ74፣ 310,800 ጁል ያስፈልጋል። ምንም ሙቀት ካልባከነ 1,000 ዋት ያለው ማፍያ በ311 ሰከንድ ይጨርሰዋል፣ ከአምስት ደቂቃ ጥቂት በላይ። ፈተናው 100 ዲግሪ ካላችሁ ግን በ100 ሥሩ፣ ከወረቀቱ ጋር አትከራከሩ።

እኔ በጣም የምወደው ጥያቄ ከአዲስ አበባ መንገድ ላይ የተገኘ ነው። የግልገል ግቤ አንድ ማመንጫ አቅም 184 ሜጋ ዋት ነው። ግልገል ግቤ ሁለት የራሱ ትልቅ ግድብ የለውም፤ ከአንደኛው ተርባይን የወጣውን ውሃ ተቀብሎ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ወስዶ ያወርደዋል። አቅሙ ግን 420 ሜጋ ዋት ነው። ያው ውሃ እንዴት ከእጥፍ በላይ ኃይል ሰጠ?

ፓወሩ የውሃ እፍጋት፣ በሰከንድ የሚፈሰው መጠን፣ ጂ እና የሚወድቅበት ከፍታ ተባዝተው ነው። እፍጋቱ 1,000 ነው፣ ጂም አልተለወጠም። የሚፈሰው መጠን ተቀራራቢ ከሆነ ልዩነቱን የሚሸከመው ከፍታው ብቻ ነው፦ ሁለተኛው ውሃውን ከእጥፍ በላይ ጥልቀት ይጥለዋል። አሁን እናንተ ሥሩት። ከፍታውን 500 ሜትር፣ ብቃቱን 100 በመቶ ያዙና 420 ሜጋ ዋት ለማግኘት በሰከንድ ስንት ሜትር ኪዩብ ውሃ ያስፈልጋል? 420,000,000 ለ5,000,000 ሲካፈል፣ 84። በሰከንድ 84,000 ሊትር ማለት ነው። ሜጋ የሚለውን ስድስት ዜሮ የረሳ ሰው መልሱ አንድ ጽዋ እንኳ አይሞላም፤ ቁጥሩን መጠርጠር የሚጠቅመው እዚህ ነው።

የምዕራፎቹ ቅደም ተከተል

ቬክተር፣ እንቅስቃሴ፣ የኒውተን ሕጎች፣ ሥራና ኢነርጂ፣ ሞመንተም። እነዚህን ሳትጨርሱ ወደ ሌላ አትሂዱ፣ ኤሌክትሪክ ፊልድም ሆነ ክብ እንቅስቃሴ እነሱ ላይ ነው የሚቆመው። ቀጥሎ ኤሌክትሪክና ማግኔት፣ ከዚያ ፈሳሽና ሙቀት፣ ከዚያ ሞገድና ብርሃን።

ጊዜ ካጠረባችሁ መጨረሻ ላይ ያሉትን አትተዉ፣ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። አቶሚክ ፊዚክስና ኤሌክትሮኒክስ በክፍል ውስጥ ለጥድፊያ የሚቀሩ ምዕራፎች ቢሆኑም ጥያቄዎቻቸው ቀላል ናቸው። ሦስት ሃፍ ላይፍ ካለፈ አንድ ስምንተኛ ይቀራል። በፎቶ ኤሌክትሪክ ሙከራ ብርሃኑ ሲደምቅ የኤሌክትሮኖቹ ቁጥር ይበዛል፣ የእያንዳንዱ ከፍተኛ ኢነርጂ ግን አይጨምርም፤ እሱን የሚጨምረው ፍሪኩዌንሲ ነው። የሎጂክ ጌቶች ሠንጠረዥ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የባጃጅ የጎን መስታወት ደግሞ ኮንቬክስ ነው፦ ዕቃው የትም ይቁም ምስሉ ቨርቹዋል፣ ቀጥ ያለና ያነሰ ነው።

የጥያቄው ቋንቋ

ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። እኛ ጋ ደግሞ የጥናት ቡድን ውስጥ ማብራሪያው በአፋን ኦሮሞ፣ ቀልዱ በአማርኛ፣ ፎርሙላው በእንግሊዝኛ ይሄዳል። ምንም ክፋት የለውም፤ ለጓደኛው በሚቀለው ቋንቋ ማስረዳት የቻለ ነገሩ ገብቶታል። ጥያቄ ውስጥ የተደበቁትን መረጃዎች ግን በእንግሊዝኛቸው ልመዷቸው። «ፍሮም ሬስት» ካለ መነሻ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። «ስሙዝ» ካለ ፍሪክሽን የለም። «ኮንስታንት ቬሎሲቲ» ካለ የፎርሶቹ ድምር ዜሮ ነው፣ ይህን ብቻ አይቶ የሚመለስ ጥያቄ አለ። «ላይት ስትሪንግ» ካለ የገመዱን ማስ እርሱት። እርሳስ ይዛችሁ ከሥራቸው አስምሩ፣ ቁጥራቸውንም ሥዕሉ ላይ ጻፉ።

ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች

መጀመሪያ ላይ አትክፈቷቸው። አንድ ምዕራፍ ስትጨርሱ የዚያን ምዕራፍ ጥያቄ ብቻ መርጣችሁ ሥሩ። ሁለት ሙሉ ወረቀት ግን ሳትነኩ አስቀምጡ፣ በመጨረሻው ወር ሰዓት ይዛችሁ ያለ ካልኩሌተር ትፈተኑባቸዋላችሁ። መልስ ብቻ የተለጠፈባቸውን በቴሌግራም የሚዞሩ ወረቀቶች ተጠንቀቁ፣ የተሳሳተ መልስ ያላቸው አሉ። ሁለት ጊዜ ሠርታችሁ የማይገጥም ከሆነ አስተማሪ ጠይቁ እንጂ መልሱን ለማስገጠም ፎርሙላ አትጠምዝዙ።

የተሳሳታችሁትን የምትጽፉበት ደብተር ይኑራችሁ። ከጥያቄው አጠገብ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፉ፦ ጥያቄውን በደንብ አላነበብኩም፣ ዩኒት ወይም ምልክት ስቻለሁ፣ ሥዕል አልሣልኩም፣ ምዕራፉን አላውቀውም። ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ቁጠሯቸው። አብዛኛው «ምዕራፉን አላውቀውም» ከሆነ መጽሐፉን እንደገና ክፈቱ። የቀሩት ከበዙ አዲስ ምዕራፍ ማንበብ አይረዳችሁም፣ የሚያስፈልጋችሁ ቀስ ብሎ መሥራት ነው።

ወረቀት ላይ አጥኑ። ጥናቱ ሁሉ ቪዲዮ ላይ የተንጠለጠለ ተማሪ መብራት ሲሄድ ጥናቱም አብሮ ይሄድበታል። ደግሞም ሌላ ሰው ሲሠራ ማየት የገባን ያስመስላል።

ፈተናው ላይ

ሽፋኑ ላይ ያለውን ደቂቃ ለጥያቄው ብዛት አካፍሉና ለአንድ ጥያቄ ስንት እንደሚደርስ እወቁ። በመጀመሪያው ዙር ስታዩት መንገዱ የታያችሁን ብቻ ሥሩ፣ የቀረውን ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። በሁለተኛው ዙር ወደ ተዘለሉት ተመለሱ፦ መጀመሪያ በዩኒት ጣሉ፣ ከዚያ የማይታመን ቁጥር ያለውን ጣሉ፣ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። መመሪያው ላይ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀነሳል ካልተባለ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር።

ጥያቄ የዘለላችሁ ከሆነ መልስ ወረቀቱም ላይ ያንኑ ረድፍ ዝለሉ። በየአሥር ጥያቄው ቆም ብላችሁ የጥያቄው ቁጥርና የምታጠቁሩት ረድፍ አንድ መሆናቸውን አመሳክሩ።